ክሮቼራ

የድምፁን ምንነት በመጀመሪያ የለዩት አባቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ በግቢያችን የቆመችውን አሮጌ ላንድሮቨር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳንቀሳቅስ ማርሽ በለወጥሁ ቁጥር ከሥር «ቀጭ» የሚል የብረት ድምፅ ይሰማ ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው በግላኮማ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

«የኋላው ክሮቼራ ነው» አሉ። «በዲፈረንሺያሉ በኩል ያለው።»

መኪናዋ አባቴ ዕድሜያቸውን በሾፌርነት ከጨረሱበት መሥሪያ ቤት በሐራጅ የገዟት ናት። እኅቶቼና እኔ ልንሸጣት ተስማምተናል፤ ገዢውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊረከብ ቀጠሮ ይዟል። አባቴ አልተቃወሙም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመሸጧ በፊት በእርሷ ተቀምጠው ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ። ይኸውም 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ወደ ጋራዥ ልውሰዳት ብላቸው የሰፈራችንን ቁልቁለት በዚህ ሁኔታ መውረድ እንደሌለባት ነገሩኝ።

«ታዲያ ማን ይሠራታል?» አልሁ።

«አንተ ነሃ!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል። በ2001 ዓ.ም. ለመድረክ በበቃ አንድ ተውኔቴ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ መካኒክ ነበር። ይህ ሰው በሁለተኛው ገቢር ከመኪና ሥር ይወጣና፣ መዶሻውን በአየር ላይ እያወዛወዘ፣ ስለ ብረትና ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ረጅም መነባንብ ያሰማል። ተመልካቹ አጨብጭቧል። ያን ጊዜ ዓይናቸው ደኅና የነበረው አባቴ ግን ወደ ቤት ስንመለስ «ሰውየው መዶሻውን የያዘው እንደ ጭራ ነው» ከማለት በቀር አንዳች አልተናገሩም። እኔም ተቀይሜ ነበር። ልጅ ሳለሁ የመሣሪያ ሣጥናቸውን በነካሁ ቁጥር «እጅህን ለብዕር ጠብቀው» እያሉ ያባርሩኝ የነበሩት እርሳቸው አይደሉምን?

ክሮቼራ የሚለው ቃል፣ እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ኩሽኔታና እንደ ካቻቢቴ ሁሉ፣ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገባ ነው። መሠረቱ መስቀል ማለት ነው፤ ዕቃውም በእርግጥ አራት ክንድ ያለው ትንሽ የብረት መስቀል ነው። ካምቢዮው ከሻንሲው ጋር የታሰረ ሲሆን የኋላው አክስል ግን በባሌስትራ ላይ ሆኖ በየጉድጓዱ ይወጣል፤ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ዘንግ እየዞረ መታጠፍ፣ እየታጠፈ መዞር አለበት። ይህን የሚያስችለው መስቀሉ ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1676 ባሳተመው ጽሑፍ ገልጾታል። ነገር ግን መስቀሉ አንድ ጉድለት አለበት። በታጠፈ ጊዜ አዙሪቱን እኩል አድርጎ አያስተላልፍም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ስለዚህም በዘንጉ ሌላ ጫፍ ሁለተኛ ክሮቼራ ይደረጋል። የሁለቱ ሹካዎች በትክክል ከተሰለፉ ያኛው ያበላሸውን ይህኛው ያርመዋል። ካልተሰለፉ ግን መኪናው ይንዘፈዘፋል።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አንብቤ ነበር። መጽሐፉ ያልነገረኝን የነገሩኝ አባቴ ናቸው። ሁለት ባለ 9/16 ቁልፍ ይዤ ከመኪናዋ ሥር ልገባ ስንበረከክ «በምን አቆምሃት?» አሉኝ። የእጅ ፍሬኑን አጥብቄ መሳቤን ነገርኋቸው።

«ውጣ!» ብለው ጮኹ። በዕድሜዬ ሲጮኹ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የዚህ ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ለካ ጎማ አይዝም። የሚይዘው ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲፈታ ፍሬኑ ባዶውን አየር ጨብጦ ይቀራል፤ የግቢያችን መሬት ደግሞ ወደ በሩ ያዘነብላል። አባቴ የግራ እጃቸውን ዘረጉ። ጠማማውን አውራ ጣታቸውን እኛ ልጆቻቸው ከተፈጥሮ እንዲያ የሆነ ይመስለን ነበር። «በ1971 ዓ.ም. አንድ ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን አምኜ ዘንግ አወረድሁ» አሉ። «እኔን ጣቴን ብቻ ወሰደኝ። ረዳቴ ግን…» ብለው ዝም አሉ። አልጠየቅኋቸውም። ከግቢው ጥግ ትልልቅ ድንጋይ እያመጣሁ አራቱንም ጎማ ከፊትና ከኋላ አስደገፍሁ። እርሳቸውም እየዳበሱ መጡና እያንዳንዱን ድንጋይ በእግራቸው ገፍተው ፈተኑት።

ስምንቱ ቡሎኖች ከሰዓት በኋላ ወለቁ። ዘንጉን ከጎረቤት በተዋስሁት ሞርሳ ላይ አሰርሁ። በየክንዱ ጫፍ ያሉትን ቆቦች የሚያቆሙትን ቀጫጭን ቀለበቶች በካቻቢቴና በፒንሳ ማውጣት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ በአንድ ወገን ትንሽ ቡሶላ፣ በሌላው ወገን ቆቡን የሚውጥ ትልቅ ቡሶላ አድርጎ ሞርሳውን ማጥበቅ ነው፤ ቆቡ በራሱ ጊዜ ይወጣል። በውስጡ ግራሶ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ያገኘሁት ቀይ ዱቄት ነበር። በማግስቱ አሮጌውን ይዤ ሶማሌ ተራ ወረድሁ። ሻጩ አንድ ጊዜ አየት አደረገውና አቻውን ከመደርደሪያ አወረደልኝ።

አዲሱን መግጠም ቀላል መስሎኝ ነበር። በየቆቡ ውስጥ ዙሪያውን የተደረደሩ መርፌ የሚያካክሉ ጥቃቅን ብረቶች አሉ፤ የያዛቸው ግራሶ ብቻ ነው። ሦስቱ ቆቦች ገቡ። አራተኛው ግን ቀለበቱ ሊያርፍበት ከሚገባው ቦይ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። መዶሻውን አነሣሁ፤ መታሁት፤ ደግሜ መታሁት።

«ተው!» አሉ አባቴ ከበረንዳው። «ድምፁ ደረቀ። አንዲት መርፌ ወድቃለች።»

አላመንኋቸውም። ሆኖም ቆቡን መልሼ ባወጣው አንዲት መርፌ ከሥሩ ተጋድማ አገኘኋት። ደግሜ ብመታ ኖሮ ትሰበር ነበር። ከግራሶው ጋር መልሼ ከጓደኞቿ መካከል አቆምኋት። ቆቡም ያለ ብዙ ድካም ቦታውን ያዘ።

ሲመሽ ሌላ ችግር መጣ። ዘንጉ ተስቦ የሚለያይ ሁለት ክፍል ሲሆን እኔ ምልክት ሳላደርግ ለያይቼው ነበር። በየትኛው ጥርስ እንደነበረ አላውቅም። ይህን ስነግራቸው አባቴ አልተቆጡም። «አፈሩን ጠርገህ በጣትህ ፈልግ» አሉኝ። በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠረግሁት። በአንደኛው ክፍል ላይ ሁለት ነጥብ፣ በሌላኛው ላይ ሁለት ነጥብ፣ በመሮ የተመቱ፣ ተራርቀታቸው እኩል የሆነ። አባቴ ከዓመታት በፊት የተዉት ምልክት ነበር። ከአባቴ ዘንድ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም፤ ከፊርማቸው በቀር ጽሕፈታቸውንም አላስታውስም። እነዚያን አራት ነጥቦች ግን በባትሪ ብርሃን ረጅም ጊዜ አየኋቸው። ከዚያም ነጥብን ከነጥብ አጋጠምሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። ሰንዳፋን፣ አለልቱን አለፍን። አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው፣ ጠማማ ጣታቸውን ከፊታቸው ባለው ብረት ላይ አሳርፈው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄድን። ከታች «ቀጭ» የሚል ድምፅ የለም። ሸኖ ከመድረሳችን በፊት ከመንገዱ ዳር እንዳቆም አዘዙኝ። የታመሙ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«የፊተኛው ክሮቼራም ቅባት ይፈልጋል» አሉ። «ግራሶ ይዘሃል?»