ከዓባይ ማዶ በብስክሌት

ባሕር ዳር የገባ እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው በጣና፣ ቀጥሎ በዘንባባዎቹ፣ ከዚያም በብስክሌቱ ላይ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ሜዳ ላይ በመሆኑ ጋላቢውን የሚያደክም አቀበት የለባትም። ተማሪው ደብተሩን ከኋላ አስሮ፣ አባት ልጁን አፈናጦ፣ ሠራተኛው ምሳ ዕቃውን መሪው ላይ አንጠልጥሎ ሲጓዝ ማየት የተለመደ ነው።

ይህችን ከተማ ዓባይ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዙ ከጣና ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ከተሠራ ስድሳ ዓመት ያለፈው አሮጌው ድልድይ ይገኛል። ድልድዩ ሲሠራ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ነበረች። ከተማዋ ስታድግ ግን ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው የጭነት መኪና፣ አውቶቡሱና ባጃጁ ሁሉ በዚያው ጠባብ መንገድ ይጋፋ ጀመር። ዓባይ ማዶ የሚኖር ብስክሌተኛ በአንድ ወገን የድልድዩን አጥር፣ በሌላው ወገን የተሳቢውን ጎማ እየታከከ ማለፍ ግድ ሆነበት። ልጇን በብስክሌት ወደ ማዶ የላከች እናት እስኪመለስ ድረስ ልቧ አያርፍም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ ድልድይ ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ወርዱ 43 ሜትር ሲሆን በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። ለእግረኛና ለብስክሌትም የየራሳቸው መንገድ ተለይቶላቸዋል። ለባሕር ዳር ቤተሰቦች ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ይሁን እንጂ 380 ሜትር በብስክሌት የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው ጉዞ ግን ከዚያ ይረዝማል። የብስክሌቱ መስመር ከድልድዩ ጋር ካበቃ ልጁ ተመልሶ ከመኪናው ጋር ይጋፋል። ሰፊ መንገድ ደግሞ ሹፌሩን ለፍጥነት ይጋብዛል፤ ስለዚህ ከድልድዩ በኋላ ያለው መታጠፊያ ከቀድሞው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ወጣቶችም ልብ በሉ! መንገድ ሐቅ አለው። ባጃጅ በብስክሌት መስመር ላይ አይቁም፣ ሞተር ብስክሌትም አይግባበት። ብስክሌት የያዘም ከጓደኞቹ ጋር ጎን ለጎን ተደርድሮ መንገድ አይዝጋ፤ እግረኛ ሲያይ ቀስ ይበል፤ ሲመሽ መብራት ያብራ፤ ፍሬኑንም ከቤት ሳይወጣ ይሞክር። ድልድዩ ተሠርቷል፤ እናት ልቧ አርፎ ልጇን የምትልከው ግን ሁላችን የየድርሻችንን ስንወጣ ነው።