በሆሳዕና መንገድ ስለሚሰሙ ቋንቋዎች

የስዊስ አገር በስፋቷ ትንሽ ስትሆን ጀርመንኛ፥ ፈረንሳይኛ፥ ጣሊያንኛና ሮማንሽ የሚባሉ አራት ቋንቋዎች አሏት። ሮማንሽን የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፥ ሕዝቡ በ1930 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ ቋንቋቸውን ከብሔራዊ ቋንቋዎች ጋራ አስቈጠረላቸው። ይህን ሰምቶ የሚደነቅ ሰው ወደ ሆሳዕና ቢወርድ የቋንቋን ብዛት በገዛ አገሩ ያገኘዋል።

ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና ያለው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው በቡታጅራ ጉራጊኛ፥ በወራቤ ስልጢኛ እየሰማ ያልፋል፤ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል በነበረችው በሆሳዕና የሀዲያን ቋንቋ፥ ከዚያም አልፎ በዱራሜ የከምባታን ቋንቋ ይሰማል። ፊተኞቹ ሁለቱ እንደ አማርኛ ከሴም ወገን ሲሆኑ፥ ኋለኞቹ ከኩሽ ወገን፥ እርስ በርሳቸውም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ቋንቋው ቢለያይም በየጓሮው የሚታየው እንሰት፥ በየማዕዱ የሚቀርበው ቆጮ አንድ ነው። በዱራሜ አጠገብ ያለውን የአምበሪቾን ተራራ በ777ቱ ደረጃዎች የወጣ ሰው አገሩን ቁልቁል ሲያይ፥ የአንዱ ቋንቋ ወሰን የት እንዳለቀ ሊለይ አይችልም።

ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለ ሆነች፥ የየቋንቋው ባለጉዳይ ወደ እርሷ ይመጣል። በአስተርጓሚ የሚሰማ ሹም ነገሩን ቢሰማም የተናጋሪውን ልብ አይሰማም፤ አስተርጓሚው ያስቀረው አንድ ቃልም ፍርድን ሊያጐድል ይችላል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ የባዕድ አገር ቋንቋ ስታስተምሩ የጎረቤታቸውን ቋንቋ አትርሱ። ነገ ለሹመት ቢታጩ፥ የድኻውን አቤቱታ ያለ አማላጅ ለመስማት ይበቃሉ።