የቮልሳችን ማሳ

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ከእኛ ቤት ጓሮ የቆርቆሮ ዳስ ሥር አንዲት ቮልስ አለች። ነበረች ማለት ይሻላል፤ ወሬያችንም ስለዚሁ ነው። (እኛ ስንል ሁለት እህትማማቾች ማለታችን ነው። ታላቂቱ በጋዜጠኝነት ተመርቃ ሥራ የምትጠብቅ፣ ታናሺቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ።)

አባታችን ካረፈ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏታል። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንኳን ብረት ሰውም ይዝጋል። ዘንድሮ እማዬ «ትሸጥ» አለች። የጣሪያው ነገር አለ፣ የታናሺቱ ትምህርት አለ። አንድ ገዢ ከአዲስ አበባ ደወለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና እየፈለገ እንደሚገዛ ነገረን። በራሷ ተነስታ ከሄደች ሙሉ ዋጋ፣ በጭነት መኪና ከተጫነች ግማሽ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ። ቀኑ ሰኞ ነበር።

አባታችን በዚህች መኪና ይኩራራባት ነበር። የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 እ.ኤ.አ. በ1948 ስትሠራ ብዙ ዕቃዋ የተወሰደው ከቮልስ ስለሆነ፣ «የእኛዋ የስፖርት መኪና አክስት ናት» ይል ነበር። (የአጋሮን መንገድ ዳገት ስንወጣ ግን ይህን ዝምድና አያነሳም!)

አሁን አክስቲቱ ታማለች። አዲስ ባትሪ ተውሰን ገጠምንላት። ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ትላለች፣ ከዚያ ዝም። ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ፍሬቻው አብሮ በደብዛዛው ይበራል። ሰፈር ያለ ወጣት ኤሌትሪሺያን አየና «ሽቦው በሙሉ ተነቅሎ ይቀየር» ብሎ ዋጋ ጠራ። እማዬ የያዘችውን ሲኒ አስቀመጠች። እኛም ካቻቢቴ አነሳን።

ጀርመኖች ደግነታቸው ሽቦውን በቀለም ለይተውታል። ቀዩ ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል አለው፣ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ነው፣ ቢጫው አጭሩ መብራት፣ ነጩ ረጅሙ። ማሳው ቡናማ ነው። (ማሳ ስንል የበቆሎ ማሳ አይደለም፤ ኃይሉ በመኪናዋ ብረት አድርጎ ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ ነው። ማሳ፣ ቫልቮላ፣ ሞተሪኖ፣ ናስትሮ… መኪናዋ ጀርመን፣ ቋንቋዋ ጣሊያን፣ ጭቃዋ ጅማ።)

ቀለሙ ግን የሠራው እስከ መጀመሪያው ናስትሮ ድረስ ነው። ናስትሮውን ስንልጥ የአባታችን ሌላ ዓለም ወጣ። የራዲዮ ሽቦ ከመብራት ገመድ ጋር ተጋብቷል። ወደ ፊት መብራት የሚሄደው ደግሞ፣ ጉድ ፈላ፣ ከቤት ጠፍቶ እኛ የተገረፍንበት የካውያ ገመድ ነው! ከቫልቮላዎቹ አንዱ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል። አባታችን አያጨስም ነበር፤ ከማን እንደለመነው እንጃ። ነጩ ቫልቮላ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ቀልጦ ሽቦውን ያድናል። ብርማው ወረቀት አይቀልጥም። የሚቀልጠው ሽቦው ነው፣ ከዚያ መኪናው። በዚህ ነው ለዓመታት ትምህርት ቤት ያደረሰን።

ተናደድን፤ ለሞተ ሰው እንዴት እንደሚናደዱ ባናውቅም። ከዚያ የኋላውን ወንበር አነሳን። የቮልስ ባትሪ እዚያ ሥር ነው፤ ሰው ሲከብድበት የወንበሩ ሞላ ባትሪው ራስ ላይ ካረፈ ኮንታክት አድርጎ እሳት ያስነሳል። እኛ የምንቀመጠው እዚያ ነበር። አሮጌው ባትሪ ላይ የከመነዳሪ ቁራጭ በልኩ ተቆርጦ፣ በሲባጎ አራት ጊዜ ታስሮ አገኘን። ሲባጎውን ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

የፍሬቻው ነገር ቀላል ሆነ። የኋላ መብራቱ ማሳ ዝጎ ስለነበር፣ የፍሬኑ ኃይል መመለሻ ሲያጣ በፍሬቻው አምፖል በኩል ይሾልካል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፣ ዳነ። ሞተሪኖው ግን ሁለት ቀን በላን። አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ አስረን አንዱን በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በካምቢዮው ብረት ብንነካ ቦግ ብላ ትበራለች። ማሳ አለ ማለት ነው አልን።

ሐሙስ ማታ ጡረታ የወጡ አንድ የሰፈር ኤሌትሪሺያን በር ላይ ቆመው አዩን።

«ጋሼ፣ ማሳውስ ደህና ነው» አልናቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ አምፖል ትንሽ ነው የምትጠጣው። በክር መንገድም ትበራለች። ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ይጠጣል። እስቲ አስነሽ፣ አንቺ ደግሞ የነዳጅ መስጫውን ካቮ ንኪ።»

ካቮው ያቃጥላል! ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው አንድ ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ሽቦ ነው። እሱ በልቶ አልቋል፤ ኃይሉ ሌላ መንገድ ሲያጣ በቀጭኑ ካቮ እየተመለሰ ነበር። ጋሼ በባትሪ ገመድ ካምቢዮውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙና «አሁን» አሉ። ሞተሪኖው ዞረ። ቤንዚን እስኪደርሳት አንገራገረች፣ ከዚያ ጊንጆ ጉዱሩን በጭስ ሞላችው። እማዬ ከማድ ቤት ወጥታ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ዓርብ አዲስ ማሳ አሠርን፣ ትክክለኛ ቫልቮላ ገጠምን። የካውያውን ገመድ ግን መቀየር አልቻልንም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል።

ቅዳሜ ገዢው መጣ፣ አስነሳ፣ ደስ አለው። «ሽቦው ችግር የለበትም?» ብሎ ጠየቀ። ታናሺቱ ታላቂቱን በክርን ጎሸመቻት። ስለ ካውያው ገመድም፣ ስለ ሲጋራው ወረቀትም ነገርነው። ሃያ ሺህ ብር ቀነሰ። እማዬ ሁለተኛውን ቡና ሳትጠጣ ተነሳች፤ እስከ ማታ አላናገረችንም።

ከመነዳሪዋን አዲሱ ባትሪ ላይ መልሰን አስረን፣ እንዳያነሳት አደራ አልነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ አህያ ገባችበትና ፍሬን ያዘ። ሁለቱም ቀይ መብራቶች በሩ። ፍሬቻው አልበራም።