ኤጀንት ይሉኝታ የለውም

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የላብ ኮምፒውተሮችን ሰዓት ለተማሪዎች የሚያከፋፍል ሲስተም ነው። እያንዳንዱን ተማሪ አንድ ኤጀንት ይወክለዋል። ኤጀንት ስንል የባለቤቱን ፍላጎት ይዞ በራሱ የሚወስን፣ ከሌሎችም ጋር የሚደራደር ፕሮግራም ማለታችን ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ኤጀንቶቹን የሚጽፏቸው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የአንዱን ኮድ ሌላው አያየውም። ታዲያ ደንብ እንዲያከብሩ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚጠቀሰው ምሳሌ የዓሣ ገበያ ነው። ፓብሎ ኖሪዬጋ በ1997 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የስፔን የዓሣ ጨረታን ለኤጀንቶች ገበያ አርአያ አደረገው። ዋጋው ከላይ ተነስቶ ይወርዳል፤ ቀድሞ «ገዛሁ» ያለ ይወስዳል። እዚያ ደንብ በሁለት መንገድ ይሠራል። ያለ ሥርዓቱ የተላከ መልእክት ጭራሽ አያልፍም። በቂ ገንዘብ ሳይኖረው የተጫረተ ግን ይቀጣል፤ ቅጣቱንም መክፈል ካቃተው ከገበያው ይባረራል። የመጀመሪያው በር መቆለፍ ነው፤ ሁለተኛው በሩን ከፍቶ ዳኛ ማስቀመጥ ነው።

የፕሮጀክት ጓደኛዬ «ሁሉንም እንቆልፈውና እንገላገል» ይላል። እኔ ደግሞ ዕድርን አነሳሁበት። በሰፈራችን ዕድር ቀብር የቀረ ይቀጣል። የታመመ ወይም አራስ ቤት ያለች ግን ምክንያቷ ይሰማል፤ ምሕረትም አለ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሁሉን ነገር አስቀድመው ማየት እንደማይችሉ ያውቁታል። ሰዓት አስይዞ የቀረውን ተማሪ ሲስተማችን ወዲያው ከቆለፈበት፣ ታሞ ሐኪም ቤት የዋለውና ቡና ሲጠጣ የዋለው እኩል ይሆናሉ። ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ደግሞ አሳይመንቱን የት ይሠራል?

ጓደኛዬም የሰጠኝ መልስ ቀላል አልነበረም፦ «ዕድርተኛውን የሚይዘው ቅጣቱ ብቻ ነው እንዴ? ይሉኝታውም ነው። ኤጀንት ምን ይሉኝታ አለው?» እውነት ነው። ለኤጀንት ቅጣት ማለት ዋጋ ነው፤ ከጥቅሙ ካነሰ ከፍሎ ይጥሳል።

ስለዚህ ደንቦቹን ለየናቸው። በአንድ ሰዓት አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ሰው መስጠት ተቆልፏል፤ ለዚህ ምንም ምክንያት ሊኖር አይችልምና። አስይዞ መቅረት ግን ይመዘገባል፣ በተደጋገመ ቁጥር ቅጣቱ ይከብዳል፣ ምክንያት ያለውን የላብ ኃላፊው ሰምቶ ይምረዋል። ምሕረቱን ለፕሮግራም አልሰጠነውም።

ተመሳሳይ ሥራ ለምትጀምሩ ጓደኞቼ የምለው፦ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ደንብ «ይህን የሚጥስ ሰው በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሊኖረው የሚችል ከሆነ አትቆልፉት፤ የሚሰማ ሰው አስቀምጡለት።