የሐኖይ ሾርባና ጾመኛው መንገደኛ

የቬትናም ዋና ከተማ ሐኖይ በማለዳ የምትነቃው በሾርባ ሽታ ነው። ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር፣ ከእኛ በርጩማ በሚያንስ መቀመጫ ላይ ሆኖ «ፎ» የተባለውን ቁርሱን ይመገባል። ከሩዝ ሊጥ በእንፋሎት በስሎ እንደ ጥብጣብ የተቆረጠው ምግብ በጐድጓዳ ሳሕን ይደረግና፣ የከብት አጥንት በእሳት ከተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ከቀረፋና ኮከብ ከሚመስል ቅመም ጋር ብዙ ሰዓት የተቀቀለበት መረቅ ይፈስበታል። የሐኖይ ፎ በ2016 ዓ.ም. በሀገሪቱ ብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይገባዋልም እንላለን።

ነገር ግን የደረስንባት ዕለት ረቡዕ ነበረች። ሥጋውን አውጡልን ማለት አይበቃም፤ መረቁ ራሱ የአጥንት ነውና። ደግነቱ ከቡድሃ እምነት ተከታዮች ብዙዎቹ በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ከሥጋ ስለሚከለከሉ፣ «ቻይ» የሚል ጽሑፍ የተሰቀለበት ቤት አይታጣም። በዚያ መረቁ የእንጉዳይና የአትክልት ነው፤ በሥጋ ፈንታም ከአኩሪ አተር የተሠራ፣ እንደ አይብ የረጋ ምግብ ይገባበታል። በሌላ ቤት ግን «ሥጋ የለበትም» ቢባልም፣ ከዓሣና ከጨው የሚጣራው ማጣፈጫ እንዳይጨመርበት አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ገብተን ተመገብን። ሎሚውና ትኩሱ ቅጠል ሽሮን ባያስረሳንም፣ ሁለተኛ ሳሕን አስጠይቆናል።