እጁን ያወጣው ማን ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ አዛውንቶች እጩውን ቀርበው የሚጠይቁት አንድ ነገር አላቸው። «ጡረታችን ይቀነስ ሲባል የት ነበርክ? እጅህንስ ለየትኛው ወገን አወጣህ?» ይሉታል። እንደ ቀልድ የሚታለፍ ጥያቄም አይደለም። ፈረንሳዮች በ2023 እ.ኤ.አ. የጡረታ ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ከፍ ይበል በተባለ ጊዜ አደባባዩን ሞልተውት ከርመዋል።

እንግዲህ ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ሻምቡ ላይ አንድ ጡረተኛ ይህንኑ ልጠይቅ ብሎ ቢነሳ መልሱን ከየት ያገኘዋል? የግል ድርጅት ሠራተኞችን ከጡረታ ጥላ ያስገባውን አዋጅ ቁጥር 715/2003ን እንውሰድ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ምስጋናውን አልነፍገውም። ነገር ግን ያን ጊዜ ከምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ነበሩ። እጅ ሲወጣ ባንድነት፣ ሲወርድም ባንድነት ነው። የወለጋው ተወካይ በግሉ ምን ጠየቀ፣ ምንስ ተከራከረ ብሎ መለየት ከወንዝ ውስጥ የአንዷን ምንጭ ውኃ ለይቶ እንደ መቅዳት ነው።

ወለጋ ግን በዚህ ጉዳይ ሌላ ምስክር አላት፤ የደምቢ ዶሎው ተወላጅ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ። ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከሥልጣን በለቀቁበት በዚያው በ1994 አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ገለልተኛ ሆኖ ካልኖረ ጥቅማ ጥቅሙ ይቋረጥበታል ይላል። በአዲሱ ሕገ መንግሥት ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ደግሞ ያን ጊዜ እሳቸው ብቻ ነበሩ! በ1997ቱ ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳደሩ፤ አሸነፉም። ጥቅማ ጥቅማቸውም ተቋረጠ።

የርዕሰ ብሔር ገለልተኝነት ይከበር የሚለው ሐሳብ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን ለመሆኑ የጡረታ ጥቅም ላለፈ አገልግሎት የሚከፈል ነው ወይስ ለነገ ዝምታ? እኔ ላለፈው ነው ባይ ነኝ። ተሠርቶ ያለቀ ሥራ ዋጋው ወደ ኋላ ተመልሶ አይነጠቅም። ምክር ቤቱ ግን ስለ ሌሎች ተሰናባቾች ሲሆን እጁ አላጠረም። በ2001 ዓ.ም. ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 653 ከኃላፊነት የሚነሱ መሪዎች፣ ከፍተኛ ባለሥልጣናት፣ ዳኞችና የምክር ቤት አባላቱ ራሳቸው የሚያገኙትን መብትና ጥቅም ይዘረዝራል።

የተራው ጡረተኛ አበል የሚቆረጠው ደግሞ ማንም እጁን ሳያወጣ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች በወጣውና እስከ 2014 ዓ.ም. ሲሠራበት በቆየው በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ስሌት፣ 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኝ ነበር። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለት ነበር። 30 ዓመት ያስተማረ፣ አማካይ ደመወዙም 4,000 ብር የነበረ መምህር 55 በመቶው ይደርሰዋል፤ 2,200 ብር ማለት ነው። አበሉ በዚያ ቆሞ ማስተካከያ እስኪደረግለት ይጠብቃል፤ ገበያው ግን አይጠብቅም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዚያ መምህር አበል ወረቀቱ ላይ ያው 2,200 ነው። ቀነሰ የሚል ሕግ የለም፤ ቀናሽም የለም።

ነቀምቴ ሻይ ቤት ያገኘኋቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ይህን ሁሉ በጥሞና ሰሙኝና ሳቁ። «ልጄ፣ እኛ እኮ ስለ አበሉ መጠን የምናወራው ብሩ እጃችን ሲገባ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በጥር 2011 በምዕራብ ኦሮሚያ በርካታ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘርፈዋል፤ በ2012 ደግሞ ስልኩ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከገጠር ከተማ ተነስቶ አበሌ ገባ ወይ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ በእግር ወይም በመኪና ባንኩ ድረስ መምጣት ግድ ነበር።

«ታዲያ እጩው ሲመጣ ምን ይጠይቁታል?» አልኳቸው።

«የትኛው እጩ?» አሉ። በ2013ቱ ምርጫ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ወጥተው ነበር። መምህሩ ስኳሩን አማስለው ሻያቸውን ቀጠሉ።