ሦስት ጨዋታ አይቶ መፍረድ

ሊጉ በተከፈተ ቁጥር ያው ነው። ፋሲል ከነማ አንዴ ሲያሸንፍ «ዋንጫው ጎንደር ገባ»፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሲወጣ «አሰልጣኙ ይባረር»። እኔም ጋይንት ተቀምጬ ስልኬ ላይ ስጮህ ነው የማመሸው፤ ደጋፊ ነኝና።

ግን እኛ እኮ የቤተ ልሔም አገር ሰዎች ነን። ድጓ ሊያስመሰክር የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት አይመዘንም። ከርሞ፣ ቀጽሎ፣ ታርሞ ነው። አዲስ ፈራሚና ነባር ተጫዋች ገና ሳይግባቡ ምን ብለን እንፈርዳለን? ለውጤቱ ሰኔ አለ።

ዛሬውኑ የምንጮህበት ጉዳይ ሌላ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ነው የሚካሄደው። በዚያው ዓመት ጦርነቱ የትግራይን 3 ክለቦች አስቀርቶ 13 ክለቦች ተወዳደሩ። ጨዋታው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር። አፄዎቹ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫቸውን ያነሱት ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርጉ ነው። መርሐ ግብሩ ግን «ባለሜዳ» ይላቸዋል። የትኛው ሜዳ?

ድሮ ከደብረ ታቦርም ከነፋስ መውጫም ተሳፍሮ ፋሲለደስ ስታዲየም የሚገባ ደጋፊ ነበር። አሁን መንገዱም ያሰጋል። እዚህ ያሉ ልጆች ክለባቸውን የሚያውቁት በስክሪን ብቻ ነው። በስክሪን ከሆነማ አርሴናልም እኩል ቅርብ ነው፤ ማልያውም የአርሴናል ነው።

ስለ አሰልጣኙ የምንጽፈውን ግማሹን ያህል ስለ ሜዳው ብንጽፍስ? ጎንደር ሊጉን መቼ ታስተናግዳለች? የጎደለውን የሚያሟላውስ ማን ነው?